ሲስተሙ የጠፋው ለማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ምእመናን! ከጊዳ አያና ሌሊት ተነሥቶ፥ መንገዱ በማያስተማምንበት በዚህ ዘመን ነቀምቴ የደረሰን አንድ አረጋዊ ገበሬ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ አስቡት። ሠራተኛው ቀና ሳይል «ሲስተም የለም አባባ፤ ከሰዓት ይምጡ» ይለዋል። በጠረጴዛው ሥር ግን ቲክቶኩ ይታያል፤ የቴሌግራሙ መልእክት ይገባል። ሲስተም በእውነት የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩን እናውቃለን። ወቀሳችን፥ ሳይቋረጥ «ተቋረጠ» በምንለው በእኛ ላይ ነው።

ይህ ድርጊት በየትም ቢሆን ነውር ነው፤ በወለጋ ግን ይበልጥ ያሳፍራል። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፥ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም። ከደምቢ ዶሎ የወገኑን ድምፅ ለመስማት ያልቻለ ሰው «የለም» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። እኛ ዛሬ ያንኑ ቃል፥ ኔትወርኩ እያለ፥ ለወገናችን እንመልሳለን።

ስሙን በግልጽ እንጥራው፤ ስርቆት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ የተረፈው ሰዓት የራሳችን ነው፤ የሥራው ሰዓት ግን በደመወዝ የተሸጠ ነው። በቀን 1 ሰዓት በስልኩ ላይ የሚያጠፋ ሠራተኛ፥ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ፥ በ48 ሳምንት 240 ሰዓት ማለትም 30 ሙሉ የሥራ ቀን ይሰርቃል። ቅዱስ ያዕቆብ የሠራተኛውን ደመወዝ ያስቀሩትን ባለጠጎች ሲገሥጽ (ያዕ. 5፥4) ደስ ይለናል። ደመወዙን ተቀብሎ ሥራውን ያስቀረውንስ ምን እንለዋለን?

«ደመወዙ አይበቃም» የሚል አለ። እውነት ነው፤ ኑሮው ከብዷል። ነገር ግን ደመወዛችንን ያሳነሰው ያ ገበሬ አይደለም፤ ስለ ምን እርሱን እንቀጣዋለን? «አለቃዬም እንዲሁ ያደርጋል» የሚልም አለ። ሥራን በአግባቡ የማያከፋፍልና ራሱ ከስልኩ የማይለይ አለቃ በእርግጥ ተጠያቂ ነው። ሐዋርያው ግን ለታይታ ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠራ ሰው ከልብ እንድንሠራ አዝዟል (ቆላ. 3፥22-23)። የአለቃ ኮቴ ሲሰማ ብቻ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ የሚከት ሰው ለማን ነው የሚሠራው?

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ምክንያት ነው፤ «እኔ የምከታተለው መዝሙርና ስብከት ነው» እንላለን። ባለጉዳይ በመስኮቱ ቆሞ ሳለ የሚደመጥ ስብከት፥ የቆሰለውን ሰው አይተው እንዳለፉት እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው (ሉቃ. 10፥31-32) ያደርገናል። መዝሙሩ የተቀደሰ ነው፤ ሰዓቱ ግን የተሰረቀ ነው።

ለታመመ ቤተሰብ መልስ መስጠት ወይም አስቸኳይ ክፍያ በቴሌብር መፈጸም ኃጢአት ነው አንልም። ያም ቢሆን ተራውን ለሚጠብቀው ሰው «ጥቂት ይታገሡኝ» ብሎ እውነቱን መንገር ይገባል። የቀረውን ለምሳ ሰዓት እናቆየው። ልማዱ ከበረታብን ደግሞ ለንስሐ አባታችን እንንገር፤ ብዙዎቻችን ይህን ከኃጢአት ቆጥረን ተናዝዘን አናውቅምና።

ነገ ጠዋት ወንበራችን ላይ ስንቀመጥ አስቀድመን ስልኩን እናስቀምጥ፤ ከዚያም ቀና ብለን በመስኮቱ የቆመውን ሰው እንየው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።