ከየት አገኘኸው?

አንዲት ተማሪያችን የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ አሳየችን። ሁለት ገጽ ያህሉን ከሰው መጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ሆኖ አገኘነው። «ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው» አለችን። እኛም በተማሪነታችን ይህንኑ ማድረጋችንን አልደበቅናትም።

በመድረሳ የተማርነው ግን ሌላ ነበር። በ256 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ቡኻሪ ሐዲሶቹን ከማን እንደሰሙ፣ እርሱም ከማን እንደሰማ፣ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድረስ በስም ዘርዝረዋል። ሰንሰለቱ የተቋረጠ ሐዲስ ደካማ ይባላል።

የግርጌ ማስታወሻም አማና ነው። ስናነብ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን እዚያው እንመዝግብ። ተማሪያችን ሁለቱን ገጾች በራሷ ቃል ጽፋ ምንጩን ጠቀሰች። እኛ ወላጆችም ልጃችንን «ስንት አገኘህ?» ከማለታችን በፊት «ከየት አገኘኸው?» እንበለው።