ከቀይ ባሕር የተያዘው ምስጢር



ቡታጅራ ከባሕር ብትርቅም ከጣሊያን ወረራ ጦርነት የራቀች አልነበረችም። የአርበኞች መሪው ራስ ደስታ ዳምጠው በጎጌቲ ከተካሄደው የመጨረሻ ውጊያ በኋላ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. የተገደሉት በዚሁ በአካባቢያችን ነው። በዚህ እትም ያው ጠላት ከሦስት ዓመት በኋላ በባሕር ላይ የገጠመውን እንተርካለን።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። አንዱ፣ «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ»፣ ሰኔ 12 ቀን በኤደን አቅራቢያ «ሙንስቶን» ከተባለች ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ ጋር ተፋጠጠ። ሙንስቶን በዓሣ አጥማጅ መርከብ ቅርጽ የተሠራች፣ አንድ መድፍና ጥቂት መትረየስ ብቻ የታጠቀች ነበረች። ጥይቷ ግን የሰርጓጁን ማማ መታ፤ አዛዡና መኮንኖቹ ወደቁ፤ የተረፉት እጃቸውን ሰጡ። መርከቡም እየተጎተተ ኤደን ገባ።

ከብረቱ ይልቅ የከበደው ወረቀቱ ነበር። በውስጡ የተገኙት ሰነዶች «ጋልቫኒ» የተባለውን ሌላ ሰርጓጅ ለማጥመድ ረዱ። ሰኔ ሳያልቅ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ። በስደት የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያው ወር ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ከእንግሊዝ ተነስተው ወደ ሱዳን አቀኑ።

የነጻነታችን ታሪክ በየብስ ብቻ ሲነገር ይጎድላል። አርበኞቻችን አምስት ዓመት በዱር በገደል ጠላትን አዳከሙት፤ የባሕሩ ሽንፈት ደግሞ የባሕር ኃይሉን አሳሳበት። ወጣት አንባቢዎቻችን ሁለቱን አያይዘው እንዲያነቡ፣ ያዩ የሰሙ አባቶችና እናቶችም ትዝታቸውን እንዲያካፍሉን ከልብ እንጠይቃለን።



አዘጋጁ፣ ቡታጅራ