ለእንግዳ የሚሆን ቦታ
ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበትን ቦታ የሠርግ ስጦታ ካርቶን ይዞታል? ድርብ የሆነውን ለሌሎች ሙሽሮች ስጡ። ሱነማዊቷ ሴት ለኤልሳዕ ያዘጋጀችው ክፍል ትንሽ ነበር፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መብራት በቃው (2ኛ ነገሥት 4፥10)።

ሰፊውን ቦታ የያዘው አልጋችሁ ነው። እግሩ ከፍ ካለ ብርድ ልብስና ትርፍ ጫማ በዝቅተኛ ሻንጣ ከሥሩ ይገባሉ፤ አዲስ የምታሠሩ ከሆነ አናጺው መሳቢያ ያውጣለት። ከበር በላይ ያለው ግድግዳም መደርደሪያ ይሸከማል። ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሚስማር ብቻውን አይታመንም፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይግባበት፤ ከባድ ዕቃም አትጫኑበት። ቁም ሣጥኑን ከውጭው ግድግዳ ጥቂት አርቁት፤ አየር ካላገኘ በክረምት ልብሱ ይሻግታል።

ለቤት ለቤት ኅብረት ደግሞ ሶፋ ከመጨመር ተደራራቢ በርጩማ ይሻላል፤ ስድስቱ የአንዱን ቦታ ብቻ ይይዛሉ።