ከፊት የሚመጣው ሲጢጥታ ከየት ነው?

በዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ስለ ፎርድ ኤፍ 250 ፒክአፕ መኪናቸው ጠይቀዋል። መኪናው የ2003 ሥሪት ሲሆን በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነው። ቀስ ብሎ ሲሄድ ከፊት በኩል እንደ ጫጩት ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ሲቆም ጸጥ። ጋራዥ ወስደውት የፍሬን ሸራ ተቀየረለት፤ ገንዘቡ ወጣ፤ ድምፁ ግን እዚያው አለ። ጠያቂው በጋ ዕቃ የሚያመላልሱት፣ ክረምት በረዶ የሚጠርጉት በዚሁ መኪና ስለሆነ፣ መኪናው ቆመ ማለት እንጀራው ቆመ ማለት ነው።

የፊት ጎማ ሲጮህ ፍሬን ላይ መፍረድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፍሬኑን ለመመርመር ሸራ መግዛት አያስፈልግም። ድምፁ እየተሰማ ፍሬኑን በስሱ መርገጥ ይበቃል። ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ፍሬኑ ይጠረጠራል፤ ካልተለወጠ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ጉድጓድ ሲዘል ብቻ የሚጮህ ከሆነ ደግሞ የጎሚኒ ወይም የቦል ጆይንት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ቁልፉ ያለው ፊት ጎማው መሐል ላይ ነው። የጠያቂው መኪና በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለው፤ በአንድ ወገን «ፍሪ»፣ በሌላው «ሎክ» ይላል። ፍሪ ላይ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ አክስሉ ውስጥ ያለው ዘንግ ያርፋል። ሎክ ላይ ግን ዘንጉ አብሮ ይዞራል። ጠያቂው ክረምቱን ሙሉ ሎክ ላይ እንደሚተዉት ጽፈዋል። እንግዲህ አንዴ ሎክ፣ አንዴ ፍሪ አድርጎ መንዳት ነው። የውስጡ ማርሽ በሁለት ጎማ ላይ እስካለ ድረስ ይህ በደረቅ አስፋልት ጉዳት የለውም፤ የሚጎዳው በአራት ጎማ አስገብቶ በደረቅ አስፋልት መጠምዘዝ ነው። ድምፁ በፍሪ ከጠፋ ጥርጣሬው ከፍሬኑ ተነሥቶ ወደሚዞረው ዘንግ ክሮቼራ ይሄዳል።

የትኛው ክሮቼራ? ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ድምፁ አንዴ ወይም ሁለቴ ከመጣ፣ መሪ ሲጠመዘዝም ከባሰ፣ ጎማው አጠገብ ያለው ነው። መሪው ቀጥ ሲል ያ ክሮቼራ እምብዛም አይታጠፍም፤ ሲጠመዘዝ ነው የሚሠራው። በአንድ ዙር አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተንጫጫ ከዲፈረንሻሉ የሚወጣው ረጅሙ ዘንግ ነው፤ ዲፈረንሻሉ 3.73 በሆነ መኪና ያ ዘንግ ለጎማው አንድ ዙር አራት ጊዜ ያህል ይዞራልና።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። በክሮቼራው ቆብ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች ደርቀዋል። በኮሎራዶ መንገዶች ላይ ለበረዶ የሚረጨው ማግኒዝየም ክሎራይድ ለዚህ ትልቅ አጋዥ ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ክሮቼራዎች ግራሶ መስጫ ስለሌላቸው፣ ሲቀየሩ መስጫ ያለውን መጠየቅ ይሻላል። ቆቡ ላይ ዘይት ቢነፋ ድምፁ ለጊዜው ይጠፋል፤ ይህ ለመለየት እንጂ ጥገና አይደለም፤ ዘይቱም ፍሬኑ ላይ እንዳይደርስ።

ክሮቼራው እየሄደ ከተሰበረ የዘንጉን ጆሮ ይዞ ይሄዳል፤ መሪውንም ሊያንቅ ይችላል። እስኪቀየር ድረስ ጠያቂው ሁለቱንም ጎማ ፍሪ ላይ አድርገው በሁለት ጎማ ዕቃቸውን ማመላለስ ይችላሉ፤ በረዶ መጥረጉ ግን ይቆይ።