የጤና ሕጋችን ጠበቃ ማነው?

ርእሰ አንቀጽ

አንድ መንግሥት የሕዝቡን ጤና ለመጠበቅ ሕግ ሲያወጣ ነገሩ የዚያው አገር የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሲጋራ ፓኮ ላይ የሚታተመው ማስጠንቀቂያ፣ በቡና ላይ የሚፈቀደው የፀረ ተባይ መድኃኒት መጠን፣ በመርከብ ለሚጫነው በግ የሚጠየቀው የጤና ማረጋገጫ፣ ዛሬ ሁሉም አገሮች በፈረሙት የንግድ ውል ይመዘናሉ። ስለዚህ የንግድ ሕግ የነጋዴና የጠበቃ ነገር ነው ብሎ መተው፣ ጤናን ያለ ዘበኛ መተው ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰነዘር እንሰማለን። አንዱ ወገን «የዓለም ንግድ ሕግ የሀብታሞች ወጥመድ ነው፤ የድኻን አገር የጤና ሕግ ለመሻር የተሠራ ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለም» ይላል። እኛ ግን ሁለቱም የነገሩን ግማሽ ብቻ አይተዋል እንላለን።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1947 የተፈረመው የታሪፍና የንግድ ጠቅላላ ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ የሰውን፣ የእንስሳትንና የዕፀዋትን ሕይወት ወይም ጤና ለመጠበቅ አስፈላጊ የሆነውን እርምጃ ይፈቅዳል። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም የጸናው የምግብ ደኅንነትና የእንስሳትና ዕፀዋት ጤና ስምምነት ደግሞ፣ እርምጃው በሳይንስ የተደገፈ እንዲሆንና በአገር ውስጥና በውጭ ዕቃ መካከል ያለ በቂ ምክንያት እንዳያዳላ ያዝዛል። እንግዲህ ሕጉ «ሕዝብህን አትጠብቅ» አላለም፤ «ማስረጃህን አምጣ» ነው ያለው።

ይህም በሁለት ክርክሮች ታይቷል። ፈረንሳይ በ1996 መጨረሻ፣ ሳንባን የሚያበላሸውንና ካንሰር የሚያመጣውን አስቤስቶስ ስትከለክል፣ ላኪዋ ካናዳ ከሰሰች። የሕክምናው ማስረጃ ጽኑ ስለ ነበረ ግን በ2001 የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ክልከላውን አጸና። በአንጻሩ የአውሮፓ ማኅበር በሆርሞን የደለበ የከብት ሥጋ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ለክልከላው የሚበቃ የጉዳት ጥናት አላቀረበም ተብሎ በ1998 ተረታ። በ1999 አሜሪካ በዓመት 116.8 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የአውሮፓ ዕቃ ላይ የቅጣት ቀረጥ እንድትጥል ተፈቀደላት። አውሮፓ ሀብታም ስለ ሆነ ቅጣቱን ችሎ ክልከላውን ሳያነሣ ቀረ። ድኻ አገር ግን እንዲህ ያለውን ቅጣት በምን ትከሻው ይሸከመዋል?

ከንግድ ድርጅቱም ሌላ ሸንጎ አለ። መንግሥታት የውጭ ካፒታል ለመሳብ ሁለት ለሁለት በሚፈራረሙት ውል መሠረት፣ ባለ ገንዘቡ ኩባንያ ራሱ መንግሥትን በግልግል ዳኞች ፊት ማቆም ይችላል። 3 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ያላት ኡራጓይ የሲጋራ ፓኮ 80 ከመቶው በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ብታዝ፣ ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ከሰሳት። በ2016 ኡራጓይ ረታች፤ ኩባንያውም ለወጪዋ 7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትሟገት ለጠበቃ ወጪዋ ከውጭ በጎ አድራጊ እርዳታ ማግኘት አስፈልጓታል።

ክስ ደግሞ ገና ሳይቀርብ ያስፈራል። በ2013 ናሚቢያ፣ ጋቦን፣ ቶጎና ኡጋንዳ «የትምባሆ ሕጋችሁ ዓለም አቀፍ ውልን ይጥሳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ከትምባሆ ኩባንያዎች እንደ ደረሳቸው ተገልጧል። ኒው ዚላንድ እንኳ በአውስትራሊያ ላይ የቀረበው ክስ እስኪለይ ብላ የራሷን የፓኮ ሕግ እስከ 2016 አቆይታዋለች። ዳኛ ሳይፈርድበት በፍርሃት ብቻ ታስሮ የሚቀር ሕግ አለ ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው፤ ድርድሩም ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሲጋራ ፓኮ 70 ከመቶው በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን፣ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አዟል። ይህ ሕግ አንድ ቀን ቢከሰስ የሚሟገትለት ሰው ዛሬ መሠልጠን አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ሚዛኑ በእኛው ላይ ሲነሣ አይተናል። በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ፈርታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም ከብት ስትከለክል አርብቶ አደሩ ገበያ አጣ፤ በ2008 ጃፓን በቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘሁ ስትል ንግዱ ተሰናከለ። ከሳሽም እንሁን ተከሳሽ፣ የሚያስፈልገን አንድ ነው፦ ላቦራቶሪ፣ ሐኪምና ሕግ ዐዋቂ።

መመዘኛው በሚወጣበት ጉባኤ ላይም መገኘት ያሻል። የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ፣ ራክቶፓሚን የተባለው የማደለቢያ መድኃኒት በሥጋ ውስጥ እስከ ምን መጠን ይፈቀድ የሚለውን በ2012 የወሰነው በ69 ድምፅ ለ67 ነው። በሁለት ድምፅ ልዩነት! ወንበሩን ባዶ የተወ አገር ሌሎች በሰፉለት ልክ ይለብሳል። አባቶቻችንም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል።

ስለዚህ ለመንግሥት የምናሳስበው፣ በሚፈርመው የንግድም ሆነ የካፒታል ውል ውስጥ የጤና ሕግ የማውጣት መብት በግልጽ እንዲጻፍና ሕዝብም ውሉን አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። ለተማሪ ወገኖቻችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው፦ የሕግ ተማሪ የሐኪሙን ማስረጃ ማንበብ ይልመድ፤ የሕክምና፣ የፋርማሲና የእርሻ ተማሪም ዕውቀቱ ነገ በችሎት ፊት ማስረጃ እንደሚሆን ይወቅ። በየፋኩልቲያችን ተለያይተን የምንማረው ትምህርት በዚህ ጉዳይ ላይ ካልተገናኘ፣ ክሱ በመጣ ቀን ጠበቃ ከውጭ መለመናችን አይቀርም።