አንድ በረሃ፣ ሁለት ፈረቃ

ልጆችዎን እርስ በርስ የማወዳደር ልማድ ካለብዎት የዚህ ወር ዓምድ ለእርስዎ ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በሶኖራ በረሃ የሚኖሩ ሁለት ትንንሽ ወፎችን ላስተዋውቅዎት።

የመጀመሪያዋ የኮስታ ሃሚንግበርድ ናት። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አትበልጥም። ቀኑን ሙሉ ከአበባ አበባ እየበረረች ወለላ ትመጣለች፣ ጥቃቅን ነፍሳትም ትለቅማለች። ሃሚንግበርድ የሚገኘው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ እኛ ግቢያችን ውስጥ አበባ ሲመጡ የምናያቸው ወፎች የሌላ ቤተሰብ ናቸው።

ሁለተኛው ኤልፍ ጉጉት ነው። ከዓለም ጉጉቶች በክብደት ትንሹ ሲሆን 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብዙ ጊዜ ጎጆው ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወው የሳጓሮ ቁልቋል ቀዳዳ ነው። ሲመሽ ወጥቶ የእሳት እራትና ጢንዚዛ ያድናል። ጊንጥ ሲይዝ ደግሞ መንደፊያውን ነቅሎ ይበላዋል።

ታዲያ የትኛው ይበልጣል? በእኔ ሙያ፣ በማርኬቲንግ፣ ሁለት ምርቶችን በአንድ መስፈርት መዝኖ ደረጃ መስጠት የዕለት ሥራ ነው። እዚህ ግን መስፈርቱ ራሱ አሸናፊውን ይመርጣል። ቀን መሥራትን ከለካን ጉጉቱ ሰነፍ ይባላል። ሌሊቱን ከለካን ሃሚንግበርዷ ትወድቃለች፤ በቀዝቃዛ ሌሊት የልብ ምቷ በደቂቃ ወደ 50 ወርዶ ትደነዝዛለች። ይህ ግን ስንፍና አይደለም፤ ለነገ የሚሆናትን ጉልበት የምትቆጥበው እንዲህ ነው።

ልጅ አስተዳደጋቸውም ይለያያል። ሃሚንግበርዷ ጎጆዋን በሸረሪት ድር አያይዛ፣ ሁለት ጫጩቶቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። በጉጉቶቹ ቤት እናት እንቁላል ስትታቀፍ ምግብ የሚያመላልሰው አባት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ማልዶ ተነሥቶ የሚያጠና ልጅ አለ፤ ትምህርት የሚገባው ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የሆነም አለ። «ለምን እንደ እህትህ አትሆንም?» የምትለው ንግግር እህትየውን ኩራት፣ ወንድሟን ቂም ታስተምራቸው ይሆናል እንጂ ሒሳብ አታስተምርም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ይሞክሩ። እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ሰዓት እንደሚነቃቃ፣ በየትኛው እንደሚደክም፣ ሳይታዘዝ ምን እንደሚሠራ ልብ ብለው ይጻፉ። የጥናት ሰዓቱንም በዚያው ያስተካክሉለት። የትምህርት ቤት ካርድ ሲመጣ ደግሞ የሁለቱን ጎን ለጎን አያስቀምጡ፤ የእያንዳንዱን ከራሱ ካለፈው ካርድ ጋር ያስተያዩ።