ተኝተንም የሚቆጥረው ቆጣሪ

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ብዙው ግቢ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ነው። ወር ሲደርስ ሒሳቡ በየቤቱ ይካፈልና «እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውዬ ማታ ነው የምገባው፤ ምኑን አቃጠልኩት?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። እውነት ነው፣ ሰውየው ቤት አልነበረም። ዕቃው ግን ነበረ።

ቴሌቪዥን በሪሞት ሲዘጋ ጠፋ ማለት አይደለም። ቀይዋ መብራት የምትነግረን ዕቃው ቀጣዩን የሪሞት ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን ነው፤ ለመጠበቅም ኤሌክትሪክ ይበላል። የዲሽ ሪሲቨር፣ በተለይ የቆየው ዓይነት፣ ተዘግቶም ብዙ ይስባል። ስታብላይዘርም ምንም ሳይሰካበት ትራንስፎርመሩ ሲሞቅ ያድራል፤ እጃችሁን ብታሳርፉበት ታውቁታላችሁ።

«ይህቺ ደግሞ ምን አላት?» ለሚል ሒሳቡ ይኸውና። ሦስቱ ዕቃዎች ተደምረው 10 ዋት ብቻ ይስባሉ እንበል። በቀን 24 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲባዛ 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ያህል የሚበላው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት ነው። አምስት ቤት ባለበት ግቢ 36 ኪሎዋት ሰዓት መጣ ማለት ነው፤ ያውም አንድ እንጀራ ሳይወጣበት! ታሪፉ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚከፈልበትም ዋጋ ወደ ላይኛው እርከን ይሄዳል። የጋራ ቆጣሪ ያለው ግቢ ቶሎ የሚጎዳው በዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርካታ የቤት ዕቃዎች ተዘግተው ሲጠብቁ ከግማሽ ዋት በላይ እንዳይስቡ ደንግጓል፤ ሰዓት ወይም ጽሑፍ ለሚያሳዩት ያኔ አንድ ዋት ተፈቅዶ ነበር። ሆኖም ከዚያ በፊት የተሠራ ዕቃ ዛሬም በየቤታችን አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ስታብላይዘሩን ማብሪያ ማጥፊያ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ሲተኙ አንዴ መዝጋት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በድንገት ጨምሮ ዕቃ እንዳያቃጥልም ይረዳል። ፍሪጅ ግን በዚህ አይገባም፤ እሱ ሥራ ላይ ነው። ስልክ ያልተሰካበት የሞባይል ቻርጀርም የሚስበው ጥቂት ስለሆነ በእሱ ምክንያት ልጆችን መቆጣት አያስፈልግም። ሶኬታቸው ከቁምሳጥን ጀርባ ለሆነባቸው አረጋውያን ጎረቤቶች የግቢው ወጣቶች ማከፋፈያውን ወደ ፊት ቢያወጡላቸው መልካም ነው።

ለማጣራት የሚፈልግ ግቢ አንድ ማታ ተነጋግሮ አምፖሉን ሁሉ ያጥፋ፤ ፍሪጁንም ለአሥር ደቂቃ ይንቀል። ከዚያ ቆጣሪውን ይመልከት። አሁንም መብራቷ ብልጭ የምትል፣ በአሮጌውም ሳህኗ የምትዞር ከሆነ እየበላ ያለ ዕቃ አለ። የየቤቱን ዕቃ በየተራ እየነቀሉ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል። በሚቀጥለው ስብሰባችን የጋራ ቆጣሪ ሒሳብ አከፋፈል አንዱ አጀንዳ ስለሆነ ያያችሁትን ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ።